ለትንሽ ቶርኖ የትኛው መቁረጫ ይሻላል? የእኔ ምርጫ ኤችኤስኤስ ነው

ትንሽ ቶርኖ (ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን) የገዛ ጓደኛ ሁሉ ደውሎ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ "መቁረጫውን የቱን ልግዛ?" እያለ። መልሴን እዚህ ላስቀምጠው። የማወራው ጠረጴዛ ላይ ስለሚቀመጠው፣ 40 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝነው ማሽን ነው። ቤቱ ቁጭ ብሎ የስፌት መኪና ፒን፣ የፓምፕ ቡሺንግ፣ ገበያ ላይ የጠፋ ቡሎን ለሚሠራ ሰው ማለቴ ነው።

ምርጫው ሦስት ነው። ጫፉ ላይ ካርባይድ (ከብረት በጣም የሚጠነክር ቁስ) የተበየደበት አለ። በብሎን የሚታሰርና ሲያልቅ የሚቀየር የካርባይድ ጫፍ አለ። ሦስተኛው ራሳችሁ የምትስሉት የኤችኤስኤስ (ሲግል ጥንካሬውን ቶሎ የማይለቅ የመቁረጫ ብረት) ዘንግ ነው።

የተበየደውን ተዉት። ቀለም ተቀብቶ፣ 11 ሆኖ ሳጥን ውስጥ ተደርድሮ ሲታይ ያጓጓል። አንድ ጓደኛዬ ይህንኑ ገዝቶ አሳየኝ። አንዱን አውጥቼ ጠርዙን በጥፍሬ ዳሰስኩት፤ ድፍን ነው። ከጠርዙ በታች ያለው ፊት ወደ ውስጥ መሸሽ ሲገባው ቀጥ ብሎ ቆሟል። እንዲህ ያለ ጫፍ ብረቱን ያሻል እንጂ አይቆርጥም። ልሳለው ቢባል ደግሞ ግራጫው የግራይንደር ድንጋይ ካርባይድን አይበላም። አረንጓዴው የሲሊከን ካርባይድ ድንጋይ ወይም ዳይመንድ ያስፈልጋል። ድንጋዩ ሲጨመር ርካሽ የተባለው ሳጥን እጥፍ ዋጋ ያወጣል። ግሎ ውሃ ከነካው ደግሞ ይሰነጠቃል።

የሚቀየረው ጫፍ ጥሩ ዕቃ ነው። ክርክሬ ከዋጋውና ከማሽናችን አቅም ጋር ነው። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ብር ከዶላር አንጻር የት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ በዶላር ላስላው። ከቻይና ሲታዘዝ 10 ጫፍ 10 ዶላር ገደማ ነው። የተለመደው፣ ሲሲኤምቲ የሚባለው የጫፍ ዓይነት ሁለት የሚሠሩ ማዕዘኖች አሉት፤ አንዱ ማዕዘን 50 ሳንቲም መጣ ማለት ነው። መያዣዎቹ ለብቻ ይከፈልባቸዋል። በታወቁ ኩባንያዎች ስም የታሸገ አስመሳይም ሞልቷል። የአስሩ ዋጋ የአንዱን ኦርጅናል ያህል ከሆነ አትጠራጠሩ፣ ፎርጅድ ነው።

ዋናው ችግር ግን ሌላ ነው። ጠርዙ ሆን ተብሎ በትንሹ የደነዘ ነው፤ ጠለቅ ብሎ በፍጥነት እንዲቆርጥ። 20 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ተራ ብረት ላይ በደቂቃ 1,600 ዙር ገደማ ይፈልጋል። ኤችኤስኤስ 400 ዙር ይበቃዋል። መለዋወጫ ስንሠራ ደግሞ የሚያስጨንቀን የመጨረሻው ቅንጣት ነው። ኩሽኔታው ልክክ ብሎ እንዲገባ 0.05 ሚሊሜትር ብቻ መላጥ አለበት እንበል። ካርባይዱ በላዩ ይንሸራተትና በሚቀጥለው ዙር ከሚፈለገው በላይ ይወስዳል። በደንብ የተሳለ ኤችኤስኤስ ያቺን ቅንጣት እንደ ፀጉር አቅጥኖ ያነሳታል።

አሁን የኤችኤስኤስን ሒሳብ ተመልከቱ። 8 በ8፣ ርዝመቱ 200 ሚሊሜትር የሆነ ዘንግ 6 ዶላር ገደማ ነው። ለሦስት ቁራጭ ይቆረጣል፣ ሁለቱም ጫፍ ይሳላል፤ ስድስት መቁረጫ፣ አንዱ በ1 ዶላር። አንዱ ጫፍ 40 ጊዜ ቢሳል (ይሳላልም) አንዱ ስለት ሦስት ሳንቲም አይሞላም። የሚስለው ቤት ያለው ተራ ግራይንደር ነው። ከታች 10 ዲግሪ ገደማ አሽሹት፣ ከዚያ ጠርዙን በዘይት ድንጋይ ጠረግ ጠረግ አድርጉት። መነጽር ሳታደርጉ ግን እንዳትጀምሩ!

ገንዘብ ላጠረው ሰው የተሰበረ ፑንታም (የመሰርሰሪያ ጫፍ) ይሆናል። ቶርኖ ቤቶችና ምናለሽ ተራ ጠይቁ። ጥሩ ፑንታ ራሱ ኤችኤስኤስ ስለሆነ ተስሎ ጥሩ መቁረጫ ይወጣዋል።

እዚህም አስመሳይ አለ። "ኤችኤስኤስ" የሚል ማህተም ተመትቶበት ተራ የካርቦን ብረት ይሸጣል። ከመክፈላችሁ በፊት ባለሱቁ ግራይንደር ላይ ለአፍታ ያስነካላችሁ። ተራው የካርቦን ብረት ደማቅ ቢጫ ብልጭታ ያወጣል፣ ጫፉ ላይም እየፈነዳ ይበተናል። እውነተኛው ኤችኤስኤስ ጥቂት፣ ደብዘዝ ያለ ቀይ ብልጭታ ነው የሚያወጣው፤ ብዙም አይፈነዳም። ባለሱቁ አላስነካም ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ። ይህን ያህል የማጠብቀው የካርቦኑ ስትስሉት ሰማያዊ እስኪሆን ከጋለ ጥንካሬውን ስለሚያጣ ነው። ኤችኤስኤስ እስከ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይችላል።

ካርባይድ የግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። እሳት በልቶ የጠነከረ አክስል ወይም ቅርፊቱ የደረቀ ቀልጦ የተሠራ ብረት ኤችኤስኤስን ቶሎ ይጨርሰዋል። ለዚያ አንድ መያዣና ጥቂት ጫፎች ይበቃሉ፤ ሰባት መያዣ ያለው ሙሉ ሳጥን አትግዙ። ስትገዙም የመያዣውን ውፍረት ከማሽናችሁ ጋር አስተያዩ። ብዙዎቹ ትንንሽ ቶርኖዎች ላይ 12 ሚሊሜትሩ ጫፉን ከመሃል መስመር በላይ ያወጣዋል፣ ዝቅ ማድረጊያም የለውም። 8 ወይም 10 ከሆነ ሥሩ ቆርቆሮ አንጥፎ ማስተካከል ይቻላል።