የደብረ ብርሃኑ መውቂያ ማሽን፦ ጤፉን ይወቃል፣ ብሌዱ ቢወጣስ?

ማሽኑ ጥሩ ነው። ከአንድ ነገር በቀር ለማንም አርሶ አደር ግዛ እላለሁ። ያቺ አንድ ነገር ግን እጅ የምታሳጣ፣ ሲከፋም ነፍስ የምታጠፋ ስለሆነች፣ የዚህ ጽሑፍ ሲሶው እንኳ ስለ ጤፍ አይደለም። ታገሡኝ።

የገዛነው ለእነዋሪ ነው። ታናሽ ወንድሜ ሞረትና ጅሩ ውስጥ ጤፍና ስንዴ ያርሳል። እኔ ዕድሜዬን ቦሌ፣ የአውሮፕላን ሞተር ጥገና ላይ ጨርሼ፣ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደብረ ብርሃን ብርዱን እየቻልኩ እኖራለሁ። ገንዘቡን ለሁለት አዋጣን። እሱ የሚያየው በቀን ስንት ኩንታል እንደሚወጣ ነው። የእኔ ዓይን ግን ማሽን ፊት ስቆም ቀድሞ የሚሄደው ወደሚሽከረከረው ነገር ነው። የሙያ አባዜ ነው፣ አይለቅም።

ስለ ሥራው ባጭሩ። ነዶው በአፉ ሲገባ ከበሮው ላይ የተበየዱት ጥርሶች ይመቱታል፤ ፍሬው በወንፊቱ ይወርዳል፤ ማራገቢያው እብቁንና ገለባውን በጎን ይተፋል። ስንዴ ላይ እንከን አላገኘሁበትም። ጤፍ ላይ ግን ነፋሱ ከበረታ ፍሬው ከገለባው ጋር አብሮ ይሄዳልና የአየር መግቢያውን ክዳን እስከ ግማሽ መዝጋት ያስፈልጋል። ሻጮቹ ይህን አይነግሩህም፤ ወንድሜ ገለባውን በእጁ እያሸ ነው የደረሰበት። ጭዱ በሬ እንዳበራየው ባይለሰልስም ከብቱ ሳይመርጥ ይበላዋል፤ ሠንጋ ለሚያደልብ የጅሩ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጎማው መረሬ አፈር አይወድም፤ መሬቱ ሳይጠነክር ወደ አውድማ መጎተት ከንቱ ድካም ነው። ዋጋውን አልጽፍም፤ ከላሜራ ዋጋ ጋር ስለሚለዋወጥ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ውሸት ይሆናል።

አሁን ወደ ማራገቢያው። ስድሳ ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው፤ አራት ብሌዶች፣ ማለት ነፋሱን የሚገፉ ዝርግ ብረቶች፣ ይዟል፤ እያንዳንዱ ብሌድ ከወፍራም ላሜራ ተቆርጦ በሁለት ቡሎን የታሰረ ነው። አንዱን ፈትቼ ሚዛን ላይ አወጣሁት፤ 1.2 ኪሎ መዘነ። ሞተሩ በወጉ ሲሠራ ማራገቢያው በደቂቃ 900 ጊዜ ይዞራል። ወረቀት አውጥቼ ሳሰላው፣ ብሌዱ ቡሎኖቹን የሚጎትተው ከሁለት ኩንታል በሚበልጥ ኃይል ነው። ቡሎኑ ደኅና ከሆነ ይችለዋል። ጣጣው ኃይሉ ከፍጥነቱ ጋር እኩል አለማደጉ ነው። ፍጥነቱ ከ900 ወደ 1200 ሲወጣ ሁለት ኩንታል የነበረው ወደ አራት ኩንታል ይጠጋል። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ክምሩ ሳያልቅ፣ ነዳጅ የማይጨምር ሠራተኛ ካለ አሳዩኝ።

ቢወጣስ ወዴት ይሄዳል? ልጅ ሆኖ ማሳ የጠበቀ ሁሉ ያውቀዋል፤ የወንጭፍ ድንጋይ ገመዱ እንደተለቀቀ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። ስለዚህ አደጋው በማሽኑ ዙሪያ ሁሉ እኩል አይደለም። ማራገቢያው በሚዞርበት መስመር ላይ የቆመ ሰው ነው የሚመታው። ከአፉ በኩል ነዶ የሚያጎርሰው ሰው ከመስመሩ ውጭ ነው። ገለባውን በመንሽ የሚያነሳው ልጅ ግን ቀኑን ሙሉ መስመሩ ላይ ይውላል።

ይህን ይዤ ደብረ ብርሃን ወዳለው ብረታ ብረት ቤት ሄድኩ። ብየዳውን የሚመራው ወጣት «ጋሼ፣ እኛ የሠራነው አይሰበርም» አለኝ። ከዚያ በፊት የዞርኩባቸው ቤቶች ሁሉ ያሉኝ ይህንኑ ነበር። «አይሰበርም እንድትለኝ አይደለም የመጣሁት፤ የተሰበረ ቀን ምን ይሆናል ነው የምልህ» አልኩት። ትንሽ አየኝና በርጩማ አመጣልኝ። ማሽኑን ያስገዛኝ ከዚያ በኋላ ያወራነው ነው።

የአውሮፕላን ሞተር የሚሠራ ኩባንያ አይሰበርም ብሎ መሸጥ አይችልም፤ ሕጉ አይፈቅድለትም። አዲስ ሞተር ፈቃድ ሳያገኝ በፊት፣ በሙሉ ፍጥነቱ እየዞረ ሳለ፣ ከፊተኛው ማራገቢያ አንዱ ብሌድ ሥሩ ላይ ሆን ተብሎ በፈንጂ ይቆረጣል። ሞተሩ በዚያች ቅጽበት ይበላሻል፤ መዳኑን የሚጠብቅ የለም። የሚጠበቀው የወጣው ብሌድ ዙሪያውን ያለውን ቀለበት በስቶ እንዳያልፍ፣ እሳቱ እንዳይነሳ፣ ሞተሩን ያንጠለጠሉት ማያያዣዎችም እንዳይለቁ ነው፤ ይህም ቢያንስ ለ15 ሰከንድ። አብራሪው ነገሩ ገብቶት እጁ ማጥፊያው ላይ እስኪደርስ ያለችው ጊዜ በሉት።

ቀለበቱ ራሱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ብረቱ ወፍሮ ብሌዱን ወደ ውስጥ የሚመልስ ነው። ሁለተኛው ቀጭን አሉሚኒየም ሆኖ በላዩ ኬቭላር የሚባል ብርቱ ጨርቅ ደራርቦ የሚጠመጠምበት ነው፤ ብሌዱ አሉሚኒየሙን ይበሳዋል፣ ጨርቁ ግን እየተለጠጠ ጉልበቱን ይጨርስበታል። እኔ ሁለተኛውን እወደዋለሁ፤ እንዲበሳ ተፈቅዶለት የሚይዝ ነገር ማሰብ ብልኅነት ይጠይቃል።

ሁሉ ነገር ግን አይታጠርም። ብሌዶቹ የተሰኩበት ዲስክ ከተፈረካከሰ የሚይዘው ቀለበት የለም፤ ቢሠራ ክብደቱ አውሮፕላኑን ከመሬት አያስነሳውም። በጁላይ 19 ቀን 1989 እ.ኤ.አ. ዩናይትድ 232 የተባለው ዲሲ-10 አውሮፕላን የጅራቱ ሞተር የማራገቢያ ዲስክ ተሰንጥቆ ወጣ፤ ስባሪው አውሮፕላኑ የሚመራባቸውን ሦስቱንም የሃይድሮሊክ (የዘይት ግፊት) መስመሮች ከጥቅም ውጭ አደረገ፤ ከ296 ሰዎች 112ቱ ሞቱ። ስለዚህ ሠሪው ነገሩን ለሁለት ይከፍለዋል። ብሌዱ ይወጣል ብሎ ያጥረዋል። ዲስኩን ደግሞ ጨርሶ እንዳይሰነጠቅ አድርጎ ይሠራውና የተወሰነለት በረራ ሲሞላ፣ ጤነኛ ቢመስልም ይጥለዋል።

መውቂያው ላይ ዲስኩ ማነው? ከበሮውና ትልቁ ፑሌጃ (ቺንጋው የሚዞርበት ጎማ) ናቸው። እነሱን የሚይዝ ክዳን በሰው አቅም አይሠራም፤ እንዳይሰበሩ ነው መጣር። ብየዳውን የሚመራው ልጅ የከበሮውን አልቤሮ፣ ማለት የሚዞርበትን ዘንግ፣ ከወፍራም ብረት ቶርኖ ቤት አስወጥቶታል፤ ዘንጉ የሚሽከረከርባቸው ኩሽኔታዎችም ግራሶ መስጫ አላቸው፤ ጥርሶቹ በሁለት ጎን ተበይደዋል። እዚህ ላይ ሙሉ ነጥብ ሰጥቼዋለሁ። ማራገቢያውን የሸፈነው ላሜራም ሦስት ሚሊ ሜትር ስለሆነ ለ1.2 ኪሎ ብሌድ አያንስም።

ያቺ አንድ ነገር ያልኳት በሩ ነው። ገለባ ሲወተፍ እጅ የሚያስገቡባት ትንሽ በር የተከፈተችው በክቡ ሽፋን ላይ፣ ልክ ማራገቢያው በሚዞርበት መስመር ነበር። የያዛትም አንዲት ቀጭን መቀርቀሪያ ናት።

ስለ መቀርቀሪያ ለምን እንደምጨነቅ ልንገራችሁ። በኤፕሪል 17 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. ሳውዝዌስት 1380 የተባለው የአሜሪካ መንገደኛ አውሮፕላን ከኒውዮርክ ወደ ዳላስ እየበረረ ሳለ፣ የግራ ሞተሩ ከያዛቸው 24 ብሌዶች አንዱ ሥሩ ላይ ቀስ በቀስ በተስፋፋ ስንጥቅ ተቆርጦ ወጣ። ሞተሩ ሲኤፍኤም56-7ቢ የሚባለው ዓይነት ነው። አምስት ኪሎ ገደማ የሚመዝን ብሌድ ነው፣ ጫፉም ከድምፅ በላይ ይፈጥናል፤ ሆኖም ቀለበቱ ሥራውን ሠራ፣ ብሌዱን አላሳለፈም። ብሌዱ ቀለበቱን የመታበት ስፍራ ግን በውጭ በኩል የሽፋኑ ሁለት በሮች የሚገጣጠሙበት መቀርቀሪያ አጠገብ ሆነ። ግፊቱ በቀለበቱ በኩል አልፎ ሽፋኑን በጣጠሰው። አንዱ ስባሪ 14ኛው ረድፍ ላይ ያለውን መስኮት አፈረሰ፤ አንዲት ተሳፋሪ ሞተች። መርማሪዎቹም ከዚያ በኋላ ሽፋኑ የሚደርስበት ጉዳት አብሮ እንዲሰላ ጠየቁ። በፌብሩዋሪ 2021 እ.ኤ.አ. ዴንቨር ላይ በዩናይትድ 328 ሞተር የሆነውም ቢሆን የዚህ ዘመድ ነው። ብሌድ ወጣ፣ የሞተሩ የፊት አፍና ሽፋን ተገንጥሎ መኖሪያ ሰፈር ውስጥ ወደቀ። እንደ ተአምር ሰው አልተጎዳም።

ይህን ስነግረው ልጁ የኛን በር በጣቱ መታ መታ አደረጋት። «ታዲያ ወደ ጎን እናዙራታ» አለ። ለጥ ባለው ጎን ላይ አዲስ በር ከፈተ፤ የድሮዋን በላሜራ ደፍኖ በላዩ አምስት ሚሊ ሜትር ብረት ዙሪያውን በየደለት። ተጨማሪ ገንዘብ ጠየቀ፤ መጠየቅም ነበረበት። ለሚመጣው ገዢ ግን ይህ ሳይጠየቅ ከመጀመሪያው መሠራት አለበት፤ ቅሬታዬ ይኸው ነው። አሁንም ግቢው ውስጥ ለሽያጭ የቆሙት ማሽኖች በራቸው የድሮው ቦታ ላይ ነው። ስትገዙ ጎንበስ ብላችሁ እዩ፤ በሩ ክቡ ላይ ካለ አዙሩልኝ በሉ።

ቀጥሎ መንቀጥቀጡ አለ። ብሌድ መውጣቱ የመጀመሪያው ጉዳት ነው እንጂ የመጨረሻው አይደለም። የቀሩት ሦስቱ ሚዛን ያጡና ያው ሁለት ኩንታል ኃይል በሰከንድ 15 ጊዜ እየዞረ ኩሽኔታውን ይደበድባል። አንዳንድ የአውሮፕላን ሞተሮች ላይ የፊተኛው ኩሽኔታ መያዣ ሆን ተብሎ በልክ ደከም ተደርጎ ይሠራል። ያ ድብደባ ሲመጣ መያዣው ይቆረጥና ማራገቢያው አዲሱን ሚዛኑን ይዞ ይዞራል፤ ወደ ክንፉ የሚያልፈው መንቀጥቀጥ ይቀንሳል። ከመውቂያ ይህን አልጠብቅም። ግን የነዳጁ ጋን የተቀመጠው የማራገቢያው ኩሽኔታ በታሰረበት ብረት ላይ ነው፤ ቱቦው ቢላቀቅ ከሥሩ ደረቅ ገለባ አለ። ጋኑን ወደ ሞተሩ ማዶ አዛውሩልኝ ብዬ ነበር፣ እስካሁን አልሆነም። አንድ ኮከብ የቀነስኩት እዚህ ላይ ነው።

ማጥፊያውም ቢሆን ከገለባው መውጫ ጎን ስለነበር፣ ማሽኑ ያበደ ቀን ለማጥፋት የሚሮጠው ሰው ራሱ በመስመሩ ውስጥ ማለፍ ነበረበት። በሽቦ ስበው ወደ አጉራሹ ዘንድ አምጥተውታል። ርካሽ ነገር ነው፤ ከሁሉም የረካሁበት ግን እሱ ነው።

ወንድሜ መጀመሪያ ላይ ይህን ሁሉ ሲሰማ «አንተ እኮ ጤፍ ልትወቃ አይደለም፣ ሰማይ ልትወጣ ነው» ብሎ ስቆብኛል። አሁን ግን ለኪራይ ወደ ደነባ ሲወስደው፣ ገለባ የሚያነሳውን ልጅ ቦታ አስይዞ ነው የሚጀምረው።

ለገዛችሁት ደግሞ። የብሌዱ ስንጥቅ የሚጀምረው ቡሎኑ የሚገባበት ቀዳዳ ጠርዝ ላይ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. የደረሰው የሳውዝዌስት አደጋ ካለፈ በኋላ በእነዚያ ሞተሮች ላይ የብሌዱን ሥር በአልትራሳውንድ መፈተሹ ጠብቋል። እኛ አልትራሳውንድ የለንም፣ ላምባና ጠመኔ ግን አለን። ብሌዱን ፈትታችሁ ጠርዙን በላምባ አርሱት፤ ከቆየ በኋላ በጨርቅ አድርቁና ጠመኔ ቀቡት። ስንጥቅ ካለ የገባው ላምባ ወደ ጠመኔው ወጥቶ ቀጭን መስመር ያሳያል። መስመር ያያችሁበትን ብሌድ አትበይዱት፤ ጣሉት። ዳዶው ላይ ሁለተኛ ዳዶ ጨምሩ፤ የንዝረቱ ነገር አይታመንም።

መለዋወጫ ብሌድ ቤቱ አለ፤ የሚሸጠው ግን አንድ በአንድ ነው። አንዱን ብቻ ስትቀይሩ አዲሱ ከፊት ለፊቱ ካለው ጋር በክብደት ካልገጠመ ማሽኑ ሳይሰበር መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ሚዛን ይዛችሁ ሂዱና ሁለት እኩል የሚመዝኑ ምረጡ። ልጁ ይፈቅዳል፣ በርጩማም ይሰጣችኋል።