መብራት በአንድ ተቋም ይያዝ ወይስ ይከፋፈል?

ኢትዮጵያ ማመንጫውን፣ ማስተላለፊያውንና ሽያጩን በአንድ ተቋም ይዛ ቆይታ በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ከፈለችው፤ ማመንጨትና ማስተላለፉ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ለተባለው ተቋም፣ ማከፋፈሉና ሽያጩ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ለተባለው ተሰጠ። ዩጋንዳ ከዚህም አልፋ፣ ሥርጭቱን እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2025 ኡሜሜ ለተባለ የግል ኩባንያ አስረከበች፤ ውሉ ሲያበቃ ወደ መንግሥት መለሰችው።

ወጪ፦ በአንድ ተቋም ውስጥ ኪሳራው በጋራ ሒሳብ ይሸፈናል፣ ታሪፉም ዝቅ ብሎ ሊቆይ ይችላል። ሲከፋፈል ወጪው የት እንደሚፈጠር ይታያል። ይህን ግልጽነት እወደዋለሁ፤ የደንበኛውን ሒሳብ ግን ሊያከብደው ይችላል።

ተጠያቂነት፦ ትልቁ ጉዳይ ይህ ነው። ምጣዷ ላይ ሊጥ አፍስሳ ሳለ የሰፈሩ ትራንስፎርመር የተቃጠለባት እናት፣ በአንዱ ሥርዓት የምታንኳኳው አንድ በር ብቻ ነው። በሌላው አንዱ «ችግሩ ከጣቢያው ነው»፣ ሌላው «ከመስመሩ ነው» ሊል ይችላል። መሀል ገብቶ የሚዳኝ ጠንካራ ተቆጣጣሪ ከሌለ መከፋፈሉ ለእሷ ምንም አይፈይድላትም።

ስጋት፦ በአንድ ተቋም ሲያዝ መዘናጋት፣ ሲከፋፈል ደካማ ውል።

ገጠሩ ገና መስመር ላልደረሰው አገር አንድ ተቋም ይቀላል። የግል አመንጪዎችን ለሚጋብዝ አገር ግን መለየቱ ይሻላል፤ ኃይሉን የሚገዛውና የሚፎካከረው ተቋም አንድ ከሆነ ባለሀብቱ በምን ተማምኖ ገንዘቡን ያፈስሳል?