ጥዳችሁን «ረጭተን እናድንላችኋለን» ከሚሉት ተጠንቀቁ

ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ግቢያችሁ ውስጥ ጁኒፐር የሚሉት ጥድ ያላችሁ፣ ይቺን አንብቡ። ሰውየውን መቼም ታውቁታላችሁ፦ ፒክአፕ፣ ከኋላው የውሃ በርሜል፣ «ለእርስዎ ስለሆነ ነው ጋሼ በዚህ ዋጋ»፣ ደረሰኝ የለ፣ ክፍያ በካሽ፣ ያውም ቅድሚያ።

እኔ ግቢ የረጨው ቢቲ ነው፤ ከባክቴሪያ የሚሠራ የትል መድኃኒት። ቢቲ መጥፎ መድኃኒት አይደለም። ትሉ ከቅጠሉ ጋር ሲበላው አንጀቱን ይበሳዋል። ግን እሱ የያዘው ዓይነት፣ ኩርስታኪ የሚባለው፣ የሚሠራው በእሳት ራትና በቢራቢሮ ትል ላይ ነው። ጥዱን እየበላ ያለው ሶውፍላይ ነው፤ የንብና የተርብ ወገን። ቢቲውን እንደ ሰላጣ ማጣፈጫ በልቶ ይቀጥላል።

ትሉ አልሞት ብሎ ሰውየው ተጠርቶ ሲመጣ ቅርንጫፉ ሥር ነጭ ወረቀት ዘርግቼ ነቀነቅኩት። ትሎቹ ዱብ ዱብ አሉ፤ ሁሉም ይላወሳሉ። አንዱን ገልብጬ አሳየሁት፦ ከፊት ካሉት ሦስት ጥንድ እግሮች ኋላ፣ ሆዱ ላይ ስምንት ጥንድ ለስላሳ እግር ተደርድሯል። የእሳት ራት ትል እዚያ ያለው ቢበዛ አምስት ጥንድ ነው። «እስቲ የመድኃኒቱን ጽሑፍ አሳየኝ» ስለው ጠርሙሱን አንስቶ ጽሑፉን ወደ መኪናው አዙሮ አስቀመጠው። ከዚያ ወደ ረዳቱ ዞሮ እየሳቀ፣ «ጋሼ የትል እግር ይቆጥራሉ!» ለእኔ ደግሞ፣ «ትል ትል ነው። ሁለተኛ ዙር ያስፈልገዋል፣ በቃ።»

ይቺ ሁለተኛ ዙር ነች ዋናዋ ማጭበርበሪያ። ትሉ በልቶ ሲጨርስ ራሱ መሬት ይወርድና በረገፈው ቅጠል ውስጥ ሽፋኑን ፈትሎ ይከርማል። ዛፉ ላይ ሲጠፋ «አዩ፣ ሠራ!» ይባልላችኋል። በጸደይ ክንፍ አብቅሎ ይወጣል፤ እናቲቱም ቅጠሉን ሰንጥቃ እንቁላሏን ትቀብራለች፤ እናንተም መልሳችሁ ትደውሉለታላችሁ። ጥድ ደግሞ እስከ እንጨቱ ከተራቆተ ቅርንጫፉ አያቆጠቁጥም።

ከመክፈላችሁ በፊት የመድኃኒቱን ስም፣ የኢፒኤ (የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት) ምዝገባ ቁጥሩንና የመርጨት ፈቃዱን በጽሑፍ ጠይቁ። ትሉ ጥቂት ከሆነ ለቅሞ ሳሙና ውሃ ውስጥ መክተት ይበቃል። ከበዛ፣ ትሉ ገና ትንሽ ሳለ ስፒኖሳድ የሚባለው መድኃኒት ይረጫል፣ ያውም ንብ በማትወጣበት ምሽት። ዘይት ነክ መድኃኒት ሰማያዊ ጥድ ላይ እንዳታስረጩ፣ ሰማያዊነቱን ያጥበዋል። ቅርንጫፉ ላይ ትናንሽ ቡናማ ከረጢቶች ተንጠልጥለው ካያችሁ ግን ያ ባግዎርም ነው፤ እሱ የእሳት ራት ስለሆነ፣ ትሉ ሳያድግ ከደረሳችሁበት ቢቲ ይገድለዋል።