የጆሮ ቴርሞሜትር፦ ፈጣን ነው፣ ግን አያያዝ ይፈልጋል

ባሕር ዳር ላይ ለቤቱ ቴርሞሜትር የሚፈልግ ሰው ምርጫው ብብት ውስጥ የሚያዘው ዲጂታል፣ ግንባር ላይ የሚነጣጠረው ወይም የጆሮው ነው። የጆሮው ዋጋ ከብብቱ በብዙ ይበልጣል። ከስድስት ወር በላይ ለሆነና አላርፍ ላለ ልጅ ያዋጣል፤ ለአራስ ግን አይሆንም፣ የጆሮው ቀዳዳ ገና ጠባብ ነው።

መሣሪያው ከጆሮ ታምቡር የሚወጣውን የሙቀት ጨረር በሰከንዶች ውስጥ ያነባል። ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው የ±0.2 ዲግሪ የስህተት ልክ የሚሠራው ጫፉ ታምቡሩን ፊት ለፊት ሲያገኘው ብቻ ነው። ዘመም ካለ የቀዳዳውን ግድግዳ ይለካል፤ ግድግዳው ቀዝቀዝ ስለሚል ትኩሳት ያለበት ልጅ ደህና መስሎ ይወጣል። ኩክም እንደዚያው ቁጥሩን ወደ ታች ይጎትተዋል። ስለዚህ 39 ካለ ቀልድ የለም፤ 37 ብሎ ሰውነቱ የሚፋጅ ከሆነ ግን ብብቱን መለካት ነው። በተለይ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ጣና ዳር ወባ በሚበረታበት ወቅት፣ ዝቅ ያለ ቁጥር የደም ምርመራን አያስቀርም።

አለካኩ እንዲህ ነው፦ ከዓመት በላይ ከሆነ ጆሮውን ወደ ላይና ወደ ኋላ፣ ካልሞላው ቀጥታ ወደ ኋላ ሳብ ያደርጉና ጫፉን ወደ ተቃራኒው ዓይን አቅጣጫ ያስገባሉ። ታዝሎ የቆየ ልጅ ጀርባ ላይ የተኛበት ጆሮው ስለሚሞቅ ሌላኛውን ይለኩ፣ ወይም አውርደው 20 ደቂቃ ይጠብቁ። በሚያዝያ ፀሐይ ባጃጅ ውስጥ የከረመ መሣሪያም ቤት ገብቶ ግማሽ ሰዓት ይረፍ።

የግንባሩ ከሁሉም ይዋዥቃል፤ ላብ፣ የሐይቁ ነፋስ፣ አናት ላይ ቀልጦ የወረደ ቅቤ፣ ሁሉም ያሳስተዋል። የብብቱ ርካሽና ታማኝ ነው፣ አንድ ብቻ የሚገዛ እሱን ይግዛ። ላቡን ጠርገው ጫፉን መሃል ጉድጓዱ ላይ አድርገው ክንዱን ያጣብቁ፤ ክፍተት ካለ ዝቅ ይላል። ብብት ላይ 37.5፣ ጆሮ ላይ 38 ትኩሳት ነው። ከሦስት ወር በታች ላለ ሕፃን በፊንጢጣ የሚለካው ለእውነተኛው ሙቀት ይቀርባል፣ እሱን ግን ለባለሙያ ይተዉት።

የጆሮው ዋና ጣጣ የጫፉ ሽፋን ነው። ያለቀበት ሰው አሮጌውን ደጋግሞ ይጠቀማል፤ የተጨማደደ ወይም ኩክ የነካው ሽፋን ጨረሩን ይጋርዳል። ሽፋን እንዲለብስ የተሠራውን ያለ ሽፋን መለካትም ቁጥሩን ያዛባል። ከመክፈልዎ በፊት የዚያው ሞዴል ሽፋን ለብቻው ይሸጥ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ከሌለ ሽፋን የማይፈልገውን ዓይነት ይምረጡና ሌንሱን አልኮል በነካ ጥጥ ጠርገው ሳይደርቅ አይለኩበት።