ላሊበላ ላይ ቁርስ፦ የሆቴሉ ወይስ የቁርስ ቤቱ?

ላሊበላ ለሚያድር እንግዳ ሆድም ኪስም የሚያመሰግነው ቁርስ ቤቱን ነው። የሆቴሉ ቁርስ በአልጋው ዋጋ ካልተካተተ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ አንዳንዴም የአገልግሎት ክፍያ ይታከልበታል፤ ያውም ለዳቦ፣ ለማርማላታና ለእንቁላል። ስለዚህ አልጋ ሲይዙ አስቀድመው ይጠይቁ።

ቁርስ ቤት አንድ ሰሃን ፉል ከሁለት ዳቦ ጋር እስከ ምሳ ያቆያል። ጥሩ ፉል ባቄላው ልል ብሎ የበሰለ፣ በትኩሱ የተፈጨ ነው፤ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያ ከላይ ተከትፎ ይነሰነስበታል። ውሃው ለብቻው ከተንሳፈፈ በደንብ አልተፈጨም፤ ይመልሱት። ከበዓለ ሃምሳ ውጭ ረቡዕና ዓርብ ጾም ነውና ጨጨብሳውን በዘይት ይዘዙ።

አቡነ ዮሴፍ ተራራን ለመውጣት ሌሊት ለሚነሳ ግን ሆቴሉ ይሻላል፦ ማታውኑ ነግሮ ዳቦና ቅቅል እንቁላል ማስቋጠር ነው።