እስክንድርያን ለሚጎበኝ፦ የትኛውን ትኬት መቁረጥ ይሻላል?

ታላቁ እስክንድር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ331 ዓመት የቆረቆራት እስክንድርያ ስሟ በዓለም የናኘው መርከቦችን በብርሃን ይመራ በነበረው የፋሮስ ማማና በጥንታዊው ቤተ መጻሕፍት ሲሆን፣ ዛሬ ሁለቱም የሉም። ስለዚህ ከካይሮ በባቡር ተሳፍሮ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን የሚመጣ ጎብኚ፣ የጠፋው ሥራ የነበረበትን ቦታ ብቻ የሚያሳየውን ስፍራ ጥንታዊው ሥራ ራሱ ከተረፈበት ስፍራ አስቀድሞ ቢለይ ገንዘቡንም ጊዜውንም ያተርፋል።

የቃይትበይ ምሽግ ከመጀመሪያዎቹ ወገን ነው። ግብፅን ይገዛ የነበረው የማምሉክ ሱልጣን ቃይትበይ በ1470ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ያሠራው፣ በመሬት መንቀጥቀጥ የወደቀው የፋሮስ ማማ በቆመበት መሬት ላይ፣ ከፍርስራሹ ድንጋይ ጭምር ነው። በ1882 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ስለደበደቡት ብዙው ክፍል ኋላ የታደሰ ሲሆን፣ በውስጡ የሚታየው ቅርስ ጥቂት ነው። ግርማው ያለው በግንቡና በባሕሩ ላይ ስለሆነ፣ ጊዜ ያጠረው ሰው ከውጭ አይቶት ቢያልፍ ብዙ አይጎድልበትም።

አንድ ትኬት ብቻ ለሚቆርጥ ሰው የምመክረው ግን ኮም ኤል ሾቃፋን ነው። ይህ በ2ኛው መቶ ዘመን ዓ.ም. ከዐለት ተፈልፍሎ የተሠራ ባለ ሦስት ደርብ የምድር ውስጥ መካነ መቃብር በ1900 እ.ኤ.አ. የተገኘው፣ አንዲት አህያ ወደ ጉድጓዱ በመውደቋ ነው ይባላል። ሬሳ ይወርድበት የነበረውን ጉድጓድ እየዞረ የሚወርደው ደረጃ የሚያደርሰው የሟች ቤተሰቦች፣ እንደ እኛ ተዝካር፣ ተሰብስበው ይበሉበት ወደነበረው አዳራሽ ነው። ከዚያ በታች ባለው ዋናው መቃብር ደግሞ የቀበሮ ራስ ያለው የግብፆች አምላክ አኑቢስ የሮማ ወታደር ጥሩር ለብሶ ተቀርጿል። ግብፅ፣ ግሪክና ሮም በአንድ ከተማ እንዴት እንደተዋሐዱ ከዚህ ምስል በተሻለ የሚያስረዳ ነገር በእስክንድርያ አላየሁም። ይሁን እንጂ ደረጃው ወደ መቶ የሚጠጋ በመሆኑና ውስጡ ስለሚወብቅ፣ ጉልበቱን ለሚያመውና ትንፋሽ ለሚያጥረው ሰው አይመችም።

በአቅራቢያው ያለው «የፖምፔ ዐምድ» ከሮማዊው የጦር መሪ ከፖምፔ ጋር ግንኙነት የለውም፤ ለሮማው ንጉሠ ነገሥት ለዲዮቅልጥያኖስ ክብር የቆመ፣ 27 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የአስዋን ቀይ ግራናይት ነው። በ391 እ.ኤ.አ. ከፈረሰው፣ ሰራፒስ የተባለው አምላክ ይመለክበት ከነበረው መቅደስ ቦታ ዋናው የሚታይ ነገር እርሱ ስለሆነ፣ ከኮም ኤል ሾቃፋ ጋር ደርቦ ማየት እንጂ ለብቻው መሄድ አያስፈልግም።

በ2002 እ.ኤ.አ. የተመረቀው አዲሱ ቤተ መጻሕፍት ከጥንታዊው የወረሰው ዓላማውን ነው። ቢሆንም ከ120 የዓለም ፊደላት የተወሰዱ ምልክቶች የተቀረጹበት የግራናይት ግድግዳውና ሁለት ሺህ ያህል አንባቢ የሚይዘው አዳራሹ ሊታዩ የሚገባቸው ናቸው፤ ለግንባታው መሠረት ሲቆፈር የተገኘው የውሻ ሞዛይክም (በትናንሽ ጠጠሮች የተሠራ ሥዕል) እዚያው ባለው ሙዚየም ይገኛል። ልጆች ላሉት ቤተሰብና ፀሐይ ለሚከብደው ሰው ከሁሉም የሚሻለው ይህ ነው።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ከእነዚህ ሁሉ የቅዱስ ማርቆስን ካቴድራል ሊያስቀድም ይችላል፤ ሕንፃው ራሱ ጥንታዊ ባይሆንም ማስቀደሙ ተገቢ ነው። ቅዱስ አትናቴዎስ ፍሬምናጦስን፣ ማለትም አባ ሰላማን፣ የአክሱም ጳጳስ አድርጎ የሾመው በዚህች ከተማ መንበር ሲሆን፣ አቡነ ባስልዮስ በ1959 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ እስኪሆኑ ድረስ ቤተ ክርስቲያናችን ለመንበረ ማርቆስ ተገዥ ነበረች። ስፍራው የጸሎት ቤት ስለሆነ አለባበስን ማስተካከልና የቅዳሴ ሰዓትን ማክበር ያስፈልጋል።

የመመለሻ ባቡሩን እየጠበቀ አንድ ሰዓት የተረፈው ጎብኚ ከዋናው ባቡር ጣቢያ ብዙ ወደማይርቀው ወደ ኮም ኤል ዲካ ይሂድ። የእብነ በረድ መቀመጫ ያለው የሮማውያን ቲያትር፣ በረድፍ የተሠሩት ጥንታውያን የትምህርት አዳራሾችና የወፎች ሞዛይክ ያለው ቤት በአንድ ግቢ ውስጥ ይገኛሉ።