ልዩ ሕክምና ለሚያስፈልገው ልጃችሁ በስልክ የሚሸጥ ርካሽ «ኢንሹራንስ» አትግዙ

ይህ ማስጠንቀቂያ አሜሪካ ውስጥ፣ በተለይም በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዋሽንግተን ዲሲ፣ ልዩ የሕክምና ክትትል የሚያስፈልገው ልጅ ለሚያሳድጉ ወላጆች ነው። ርካሽ የጤና ኢንሹራንስ ፍለጋ ኢንተርኔት ላይ ስማችሁንና ስልካችሁን ሞልታችሁ ከላካችሁ ብዙ ሳይቆይ ስልኩ መጮህ ይጀምራል። ሻጩ «ለመላው ቤተሰብ ነው፣ የፈለጋችሁት ሐኪም ጋ ትሄዳላችሁ፣ ዲደክቲብል (ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪስ የሚወጣ ገንዘብ) የለውም፤ ዋጋው ግን ለዛሬ ብቻ ነው» ይላል። ወዲያው የካርድ ቁጥር ይጠይቃል። የሚሸጠው ነገር ብዙ ጊዜ ሙሉ ኢንሹራንስ አይደለም። ጤነኛ ሰው ላይ ጉዳቱ ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል፤ በቱቦ የሚመገብ፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ወይም ሴሬብራል ፖልሲ ያለው ልጅ ያለበትን ቤት ግን ገና ከመጀመሪያው ቀጠሮ ዕዳ ውስጥ ይከተዋል።

በዚህ መንገድ ከሚሸጡት አንዱ የቅናሽ ካርድ ነው። ካርዱ ለሐኪሙ አንድ ሳንቲም አይከፍልም፤ ውል ያላቸው አንዳንድ ክሊኒኮች ዋጋ ይቀንሱላችኋል ማለት ብቻ ነው። ሌላው በቀን የተወሰነ ገንዘብ የሚከፍል ውል ነው። ሆስፒታል ለተተኛበት ለእያንዳንዱ ቀን 200 ዶላር ይከፍላል እንበል። ልጁ ጽኑ ሕሙማን ክፍል 10 ቀን ቢተኛ ከውሉ የሚገኘው 2,000 ዶላር ነው። የሆስፒታሉ ሂሳብ ግን በአሥር ሺዎች፣ አንዳንዴም በመቶ ሺዎች ይቆጠራል፤ ልዩነቱን የሚከፍለው ወላጅ ነው። የአጭር ጊዜ ኢንሹራንስ ደግሞ ከመግዛታችሁ በፊት የነበረን ሕመም አይሸፍንም። ትልቅ ሂሳብ ሲመጣለት የልጁን የቆየ የሕክምና መዝገብ ያስመጣና «ይህ ሕመም ቀድሞም ነበረ» ብሎ ይመልሰዋል።

በሃይማኖት ስም የሚቋቋሙት ወጪ የመጋራት ማኅበራት ብዙ ወገኖቻችንን የሚስቡት እድራችንን ስለሚመስሉ ነው። እድር ግን ዳኛውም አባሉም የሚተዋወቅበት ነው፤ ይህ ማኅበር ግን ወርሃዊ መዋጮ እየሰበሰበ በመጨረሻ «የመክፈል ሕጋዊ ግዴታ የለብንም» የሚል ጽሑፍ ይሰጣችኋል። ደንቡን አውጥታችሁ አንብቡ። ቀድሞ የነበረን ሕመም ጨርሶ የማይጋሩ፣ ወይም ለዓመታት ካዋጣችሁ በኋላ በጥቂቱ የሚጀምሩ ብዙ ናቸው። የእናንተ ልጅ ሕመም ደግሞ ሁልጊዜም «ቀድሞ የነበረ» ነው።

ይህ በግምት የሚነገር ስጋት አይደለም። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ፍሎሪዳ ውስጥ ይሠራ የነበረውን ሲምፕል ኸልዝ ፕላንስ የተባለ ድርጅት በ2018 ከስሶ በፍርድ ቤት አስቁሞታል። ገዢዎቹ ሙሉ ኢንሹራንስ ያገኙ መስሏቸው በወር እስከ 500 ዶላር ይከፍሉ ነበር። በ2024 ፍርድ ቤቱ 195 ሚሊዮን ዶላር ፈረደ። ቤኒፊት ቴክኖሎጂስ የተባለውም በ2022 በተመሳሳይ ክስ 100 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። የድርጅቶቹ ስም ይለዋወጣል፤ አሠራሩ ግን ያው ነው።

ከገንዘቡ የማያንስ ሌላ ወጥመድ አለ፤ ሻጩ ደግሞ አያነሳውም። በመንግሥት ማርኬትፕሌስ (የኢንሹራንስ መግዣ ድረ ገጽ) በኩል የሚሸጠውን ትክክለኛ ኢንሹራንስ በማንኛውም ወር መግዛት አይቻልም። የምዝገባ ወቅት አለው፤ ከዚያ ውጭ ሥራ ስትለቁ፣ ልጅ ሲወለድ ወይም የነበራችሁ ሽፋን ሲቋረጥ 60 ቀን ይሰጣችኋል። ከላይ የተዘረዘሩት ውሎች ግን በሕግ ዓይን እንደ ሽፋን አይቆጠሩም። በመጋቢት «ተታለልን» ብላችሁ ብትሰርዙት ያ መሰረዝ የ60 ቀኑን በር አይከፍትላችሁም፤ እስከሚቀጥለው የምዝገባ ወቅት ልጁ ያለ ኢንሹራንስ ሊቆይ ነው። ሜዲኬይድ፣ ማለት መንግሥት በተለይ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ የሚሰጠው የጤና ሽፋን፣ ግን ዓመቱን ሙሉ ይቀበላል። አዲስ የተወለደ ልጅን በአሠሪ ኢንሹራንስ ውስጥ ለማስገባት ደግሞ ያላችሁ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ 30 ቀን ብቻ ነው። ሕፃኑ ሆስፒታል ተኝቶ እያለ ይህ ቀን ሳይታወቅ ያልፋልና የመሥሪያ ቤታችሁን የሰው ኃይል ክፍል በመጀመሪያው ሳምንት አነጋግሩ።

ሐሰተኛውን ከእውነተኛው የሚለየው የሻጩ ንግግር ሳይሆን ወረቀቱ ነው። ትክክለኛ ኢንሹራንስ የጥቅሞችና የሽፋን ማጠቃለያ የሚባል፣ በሕግ ቅርጹ የተወሰነ፣ ከ8 ገጽ የማይበልጥ ሰነድ አለው። ከመክፈላችሁ በፊት ይህን ላኩልኝ በሉ። በእንግሊዝኛው «ሰመሪ ኦፍ ቤኒፊትስ ኤንድ ከቨሬጅ» ብላችሁ ጠይቁ። ስታገኙት ቀጥታ ወደ ኋለኞቹ ገጾች ሂዱ፤ «ሚኒመም ኢሴንሻል ከቨሬጅ» (በሕግ እንደ ሙሉ ኢንሹራንስ የሚቆጠር ሽፋን) ይሰጣል ወይ የሚል ጥያቄ አለ፣ መልሱ «የስ» መሆን አለበት። ከዚያ ወደ መካከሉ ተመለሱና «ሃቢሊቴሽን» የሚለውን መስመር ፈልጉ። ይህ ልጁ ገና ያልለመደውን፣ መናገርን፣ መቀመጥን፣ መዋጥን የሚያስተምረው ቴራፒ ነው፤ «ሪሃቢሊቴሽን» የሚለው የነበረውን ችሎታ ለመመለስ ስለሆነ አይተካውም። ዊልቸር፣ አክታ መሳቢያ ማሽንና የመመገቢያ ፓምፕ «ዱረብል ሜዲካል ኢኩዊፕመንት» በሚለው መስመር ይገኛሉ። ወረቀቱን መላክ ያልፈለገ፣ ወይም «መጀመሪያ ክፈሉ፣ በፖስታ ይመጣል» ያለ ሻጭ ስልክ ይዘጋበት።

ሌላም ምልክት አለ። በማርኬትፕሌስ የሚሸጥ ኢንሹራንስ ዕድሜ፣ አድራሻ፣ የቤተሰብ ገቢና የትምባሆ አጠቃቀም ይጠይቃል እንጂ የሕመም ታሪክ አይመረምርም፤ ስለ ሕመም ጠይቆ ዋጋ መጨመር ወይም መከልከልም በሕግ ክልክል ነው። ስለዚህ «ባለፉት አምስት ዓመታት ልጁ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል?» ከተባላችሁ የሚሸጥላችሁ ሌላ ነገር ነው። በሽያጩ መጨረሻ ላይ ለሚቀዳው ጥሪ «ለሁሉም የስ በሉ» ብሎ የሚያስጠናችሁም እንደዚሁ። በዚያ ቅጂ ውስጥ «ይህ ሙሉ ኢንሹራንስ እንዳልሆነ ተረድቻለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር በፍጥነት ይነበባል፤ በኋላ ገንዘባችሁን ስትጠይቁ ማስረጃ አድርገው የሚያቀርቡት እሱን ነው። የሻጩን ሙሉ ስምና የፈቃድ ቁጥር ተቀብላችሁ የስቴታችሁን የኢንሹራንስ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ጠይቁ፤ ማጣራቱ በነፃ ነው።

ሻጮቹ የሚተማመኑበት አንድ የተሳሳተ እምነት አለ፤ «ሁለታችንም ስለምንሠራ ሜዲኬይድ አይሰጠንም» የሚለው። ከባድ ሕመም ላለበት ልጅ ይህ ብዙ ጊዜ ልክ አይደለም። ኬቲ ቤኬት የምትባል የአይዋ ልጅ በአንጎል ኢንፌክሽን ምክንያት በመተንፈሻ ማሽን ትኖር ነበር። ሆስፒታል ብትቆይ ሜዲኬይድ ይከፍላል፣ ቤቷ ብትገባ ግን የወላጆቿ ገቢ ስለሚቆጠር ይቋረጣል፤ ቤት ማስታመሙ በጣም የሚረክስ ሆኖ ሳለ። ፕሬዚዳንት ሬገን ጉዳዩን በ1981 አንስተውት በ1982 ሕጉ ተቀየረ። ዛሬ በልዩ ልዩ ስም የሚጠሩት ዌይቨሮች (ከሜዲኬይድ መደበኛ ደንብ ውጭ የሚሠሩ ልዩ ፕሮግራሞች) እና የኬቲ ቤኬት ፕሮግራሞች አንድ ሐሳብ አላቸው፤ ልጁ ሆስፒታል ወይም ነርሲንግ ሆም የሚያስፈልገው ያህል ከታመመ የሚቆጠረው የወላጅ ሳይሆን የራሱ የልጁ ገቢ ነው።

ቨርጂኒያ ውስጥ የምትጠይቁት ሲሲሲ ፕላስ ዌይቨር ነው። ወደ ካውንቲያችሁ የጤና ወይም የሶሻል ሰርቪስ መሥሪያ ቤት ደውላችሁ «ለልጄ የሎንግ ተርም ኬር ስክሪኒንግ (የረጅም ጊዜ እንክብካቤ ግምገማ) እፈልጋለሁ» በሉ። ሲገመግሙት ልጁ በጥሩ ቀኑ የሚችለውን ሳይሆን በየቀኑ የሚያስፈልገውን እርዳታ ተናገሩ፤ ማን ያበላዋል፣ ሌሊት ስንት ጊዜ ትነሳላችሁ፣ ማን ያጥበዋል። እኛ ሐበሾች የልጃችንን ችግር ለባዕድ ማሳነስ እንወዳለን፤ በዚህ ቀን ያ ልማድ ልጁን ይጎዳዋል። ከተፈቀደ የቤት ነርስ፣ ተንከባካቢ፣ ለወላጅ ማረፊያም በዓመት እስከ 480 ሰዓት የሚደርስ እርዳታ ይገኝበታል። ሜሪላንድ ውስጥ ሬም የሚባል ፕሮግራም አለ፤ በዝርዝሩ ውስጥ ያለ ብርቅና ከባድ ሕመም ላለበት፣ ሜዲኬይድ ለያዘ ልጅ ጉዳዩን የሚከታተል የራሱ ኬዝ ማናጀር ይመደብለታል። ሞዴል ዌይቨርና ኦቲዝም ዌይቨርም አሉ፤ ቦታቸው ውስን ስለሆነ ልጁ ዛሬ ባያስፈልገውም ስሙን አሁኑኑ ማስመዝገብ ነው። ዲሲ የኬቲ ቤኬት ፕሮግራም አላት፤ ኤስ.ኤስ.አይ (ሶሻል ሴኩሪቲ የተባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ አካል ጉዳተኞች የሚሰጠው ወርሃዊ ድጎማ) ለሚቀበሉ ልጆችም እስከ 26 ዓመታቸው ኤች.ኤስ.ሲ.ኤስ.ኤን የሚባለው የጤና ፕላን አለ።

የአሠሪያችሁ ኢንሹራንስ ካለ አትልቀቁት። መጀመሪያ እሱ ይከፍላል፣ ቀሪውን ኮፔይ (በየሕክምናው ከኪስ የሚከፈል ድርሻ) እና ያልሸፈነውን ሜዲኬይድ ይረከባል። ከ21 ዓመት በታች ላለ ልጅ ሜዲኬይድ ለሕክምና አስፈላጊ የሆነውን አገልግሎት የመስጠት ግዴታ አለበት፤ «ስፒች ቴራፒ በዓመት 20 ጊዜ ብቻ» የሚል ድፍን ጣሪያ አይሠራም። ይህ ግዴታ ኢ.ፒ.ኤስ.ዲ.ቲ ይባላል፤ ይህን ስም ስልክ ላይ ስትጠሩት የመልሱ ቃና ይቀየራል። እምቢ የሚል ደብዳቤ ከመጣ ይግባኝ አለው። በሜዲኬይድ ፕላኖች ጊዜው 60 ቀን ነው፤ ልጁ እያገኘ የነበረው አገልግሎት ሳይቋረጥ እንዲቀጥል ከፈለጋችሁ ግን በ10 ቀን ውስጥ ይግባኙንም አገልግሎቱ ይቀጥልልኝ የሚለውንም በጽሑፍ ጠይቁ። ብዙ ቤተሰብ የሚሸነፈው ጉዳዩ ደካማ ሆኖ ሳይሆን ደብዳቤው ሳይከፈት ስለሚቆይ ነው።

ስለ ኤስ.ኤስ.አይ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ። «እኔ ልሙላላችሁ» ብለው ቅድሚያ ገንዘብ የሚቀበሉ፣ ወይም ከሚመጣው ላይ ግማሹን የሚዋዋሉ ሰዎች በየሰፈሩ አሉ። ማመልከት በነፃ ነው። ሕጋዊ ወኪልም ቢሆን ሶሻል ሴኩሪቲ ሳያጸድቅለት ክፍያ መቀበል አይችልም፤ በተለመደው ስምምነት የሚፈቀድለት ከተጠራቀመው ክፍያ 25 በመቶ ሲሆን ጣሪያም አለው። 1-800-772-1213 ደውላችሁ አማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ በነፃ ይቀርባል። የደወላችሁበት ቀን ተመዝግቦ ማመልከቻው በ60 ቀን ውስጥ ከገባ፣ እንደ ማመልከቻ ቀን የሚያዘው የደወላችሁበት ነው። ሕፃኑ ሲወለድ ክብደቱ ከ1,200 ግራም በታች ከነበረ ውሳኔው ሳያልቅ እስከ 6 ወር ክፍያ ሊጀምር ይችላልና የልደት ሰነዱን ያዙ። አሜሪካ የተወለደ ልጅ ዜጋ ነው፤ የሚያመለክተውም በራሱ ስም ነው። ሜሪላንድና ዲሲ ኤስ.ኤስ.አይ ያገኘ ልጅ ሜዲኬይዱ አብሮት ይመጣል፤ ቨርጂኒያ ግን ለሜዲኬይድ ለብቻው ማመልከት ያስፈልጋል፣ ይህን ባለማወቅ ካርዱን ቁጭ ብለው የሚጠብቁ አሉ።

በየስቴቱ ለእንደነዚህ ቤተሰቦች በነፃ የሚያማክር፣ ራሳቸው ወላጆች የሚሠሩበት ፋሚሊ ቱ ፋሚሊ የጤና መረጃ ማዕከል አለ፤ ሜሪላንድ ውስጥ ፓረንትስ ፕሌስ ኦፍ ሜሪላንድ ነው። ልጁ 3 ዓመት ካልሞላው ደግሞ ሐኪሙን ሳትጠብቁ ራሳችሁ ለኧርሊ ኢንተርቬንሽን (ለሕፃናት ቀደም ብሎ እርዳታ ለሚሰጠው ፕሮግራም) ደውሉ፤ ግምገማው በነፃ ነው።

ውሉን ቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነ፣ መሰረዛችሁን በጽሑፍ ላኩና ቅጂ ያዙ። ከባንክ ሂሳባችሁ በቀጥታ የሚቆረጥ ከሆነ ለባንኩ ክፍያ የማስቆም ትእዛዝ ከሚቀጥለው መቁረጫ ቢያንስ 3 የሥራ ቀን በፊት ስጡ። በክሬዲት ካርድ ከፍላችሁ ከሆነ ደግሞ መግለጫው ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ በደብዳቤ ተከራከሩ። ለስቴታችሁ የኢንሹራንስ ተቆጣጣሪና ለፌዴራል ንግድ ኮሚሽን አመልክቱ። በዚያው ሳምንት የልጁን የሜዲኬይድ ማመልከቻ አስገቡ፤ ቅጹ ላይ «ባለፉት 3 ወራት ያልተከፈለ የሕክምና ሂሳብ አለ?» የሚለውን «የስ» በሉ። ልጁ በእነዚያ ወራት ብቁ ከነበረ ሜዲኬይድ ወደኋላ ተመልሶ ሊከፍል ይችላል። ይህ የወደኋላ ጊዜ ከጥር 2027 እ.ኤ.አ ጀምሮ ስለሚያጥር በእጃችሁ ያለውን ሂሳብ አታቆዩት።